ከዘሩ ጋር የሚጓዘው፦ የጥራጥሬ ነቀዝና ያልተጻፈው የእህል ታሪክ



የሀገራችንን የረሃብ ታሪክ የሚያጠና ሰው በየምንጩ ደጋግሞ የሚያገኛቸው ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። አንበጣ አለ፤ ተምች አለ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን የጻፉልን ሰዎች የከብቱን እልቂትና የዝናቡን መጥፋት ሲተርኩ አንበጣውን፣ ተምቹንና አይጡን አልዘነጉም። ነቀዝ ግን ከእነዚህ ጎን ተሰልፎ የሚገኝበት ገጽ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አንበጣ የመጣበት ቀን አለው፤ ሰማይ ይጋርዳል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ ጸሐፊው ብዕሩን ያነሣል። ነቀዝ ግን ቀን የለውም። ጎተራው ተዘግቶ፣ ባለቤቱ እህል አለኝ ብሎ ተኝቶ ሳለ ሥራውን ይሠራል። የታሪክ ጸሐፊ ክስተት ይፈልጋል፤ ነቀዝ ደግሞ ክስተት አይሆንም።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። ስለ እህል ታሪክ ስንጽፍ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ማረሻ፣ ስለ ግብርና ስለ ዝናብ ጽፈናል፤ እህሉ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ ስለሚደርስበት ግን የጻፍነው ትንሽ ነው። ዘርም ከሀገር ወደ ሀገር ሲሻገር ብቻውን እንደተሻገረ አድርገን ተርከናል። ዘር ግን ብቻውን ተጉዞ አያውቅም። በተለይ የጥራጥሬ ዘር በሆዱ ውስጥ እንግዳ ተሸክሞ ይጓዛል፤ የዚያ እንግዳ ታሪክ ካልታወቀ የዘሩም ታሪክ ግማሹ ይጎድላል።

እንግዲህ እንግዳው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ነቀዝ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሰፊ ነው። ስንዴውን የሚበሳውንም፣ በቆሎውን የሚያደቀውንም፣ ሽምብራውን የሚቦረቡረውንም በአንድ ስም እንጠራለን። አልፈን ተርፈንም «የነቀዘ አስተዳደር» እንላለን፤ ከላይ ሙሉ መስሎ ውስጡ ያለቀን ነገር የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ ቃል ያለን አይመስለኝም። የነፍሳት ተመራማሪዎች ግን ይለያዩዋቸዋል። የስንዴውና የበቆሎው ነቀዝ እንደ ኩምቢ የረዘመ አፍ አለው፤ የጥራጥሬው የለውም። ብሩኪድ ተብለው የሚታወቁት የጥራጥሬ ነቀዞች ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ የቅጠል በል ጢንዚዛዎች ቤተሰብ ንዑስ ክፍል ሆነው ተመድበዋል። ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች 1,700 ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዱር፣ በግራርና በሌሎች የጥራጥሬ ዘመድ በሆኑ ተክሎች ፍሬ ውስጥ ማንንም ሳያስቸግሩ ይኖራሉ። ከሰው ጋር የተጣሉት ጥቂቶች ናቸው።

እነዚህ ጥቂቶች ደግሞ ሁለት ዓይነት ኑሮ አላቸው። ይህን ልዩነት አደራ እንዳትዘነጉት፤ በኋላ ስለ ሀገራችን የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የጎተራ ነቀዞች ናቸው። የሽምብራ ነቀዝ የዚህ ዓይነት ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በደረቀው ፍሬ ላይ ታጣብቃለች፤ እጩ ከእንቁላሉ ሥር በቀጥታ ወደ ፍሬው ሰርስሮ ይገባል፣ እየበላ ያድጋል፣ ተለውጦ ጢንዚዛ ሆኖ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ሙቀት ባለበት ስፍራ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል። የወጣው ጢንዚዛ ምግብ ሳይሻ ይጋባል፤ ልጆቹም እዚያው ጎተራ ውስጥ ሌላ ትውልድ ይጀምራሉ። እህሉ እስኪያልቅ ድረስ የሚያቆመው የለም።

ሁለተኛዎቹ የማሳ ነቀዞች ናቸው። የአተር ነቀዝ የዚህ ወገን ነው። እርሱ ደረቅ አተር ላይ አይራባም። ክረምቱን ወይም በጋውን ተደብቆ ያሳልፍና አተሩ ሲያብብ ወደ ማሳው ይበራል፤ የአበባውን ብናኝ ሳይበላ እንቁላሉ አይበስልለትም። ከዚያም በለጋው እሸት ላይ ይጥላል። እጩ የእሸቱን ልባስ አልፎ ወደ ፍሬው ይገባል፤ የገባበት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ስለሆነ ፍሬው እያደገ ሲሄድ ይደፈናል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ተርፎ የሚያድገው አንድ ብቻ ነው። ዕድገቱን ሲጨርስ ወደ ገለፈቱ ድረስ በልቶ፣ ገለፈቱን ግን ሳይበሳ፣ ክብ ስስ መስኮት ትቶ ይተኛል። ገበሬው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ አበጥሮ ጎተራ ሲያስገባው አተሩ ሙሉ ነው፤ ነቀዙም ውስጡ ነው። በዓመት የሚወጣው አንድ ትውልድ ብቻ ነው።

ከሰው ጋር ያላቸው ዝምድና እርሻ የጀመረበትን ዘመን ያህል የራቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በኤጂያን ባሕር በሳንቶሪኒ ደሴት የምትገኘው የነሐስ ዘመኗ የአክሮቲሪ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ወይም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀበረች። በዚያ ከስሎ በተገኘ የተከማቸ ጥራጥሬ ውስጥ ተመራማሪዎች የነቀዝ ቅሪት አግኝተዋል። ጥራጥሬው የእኛ ጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። ከተማዋን አመዱ ሲውጣት ነቀዙ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። የአክሮቲሪን የግድግዳ ሥዕል የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም፤ የጎተራዋን እንግዳ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

አሁን ወደ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልሻገር። ፔር ካልም የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ የታላቁ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነበር። የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1747 ወደ ሰሜን አሜሪካ ላከው። ተልዕኮው ሳይንሳዊ ብቻ አልነበረም፤ ለቀዝቃዛዋ ስዊድን የሚስማማ፣ ሀገሪቱን ከውጭ ግዢ የሚያድን ጠቃሚ ዘር ፈልጎ እንዲያመጣ ነው። በዘመኑ የነበረው የመንግሥታት አስተሳሰብ በአንዲት የዘር ከረጢት ውስጥ ሲገለጥ ታያላችሁ፤ ሀገር የምትበለጽገው የሌላውን ዘር በማምጣት ነው።

ካልም ፔንሲልቬንያ ሲደርስ ያልጠበቀውን ነገር ሰማ። ቀድሞ ሰፋሪዎቹ አተር በብዛት ይዘሩ ነበር፤ አሁን ትተውታል። ምክንያቱ ፍሬውን ከውስጥ የሚበላ ትንሽ ጢንዚዛ ነው። ካልም እንደ ጥሩ ጸሐፊ ድንበሩን ተከታትሎ መዘገበ፤ በደቡብ በኩል አተር ቀርቷል፣ ወደ ሰሜን በአልባኒ አካባቢ ግን ገና ይዘራል። ይህን ያነበብሁ ጊዜ የደረሰብኝ መደነቅ ዛሬም አለ። አንድ ጢንዚዛ የአንድን ሕዝብ ማዕድ ከአውራጃ አውራጃ ሲለውጥ ጉዞውን በዓይን ያየ ምስክር ነውና።

የታሪኩ እምብርት ግን የመልስ ጉዞው ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 ካልም ስዊድን ገብቶ ይዞት ከመጣው ዘር መካከል አተር የተቋጠረበትን ወረቀት ሲፈታ ፍሬዎቹ ተቦርቡረው፣ ጢንዚዛዎቹም በሕይወት ኖረው አገኛቸው። ከመርዘኛ እባብ ጋር ቢፋጠጥ እንኳ ያን ያህል እንደማይደነግጥ ራሱ ጽፎልናል። ሁለትና ሦስቱ ቢያመልጡ በሀገሩ ላይ የሚመጣው ጥፋት በአንድ ቅጽበት ታየው፤ ወረቀቱን በፍጥነት ጠቅልሎ ዘጋው። ለዘርና ለተክል የኳራንቲን መሥሪያ ቤት፣ የወደብ ተቆጣጣሪ፣ የጤና ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን በአንዲት ሀገርና በአንድ ተባይ መካከል የቆመው የአንድ ሰው ጣት ነበር።

ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። አተር ወደ አሜሪካ የገባው ከአሮጌው ዓለም፣ ከአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ጋር ነው፤ የአተር ነቀዝም የአሮጌው ዓለም ፍጡር ነው። ካልም ከአሜሪካ ይመጣብናል ብሎ የፈራው ጠላት ወደ አሜሪካ የተሻገረው ራሱ በአውሮፓውያን የዘር ከረጢት ነበር። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የአተሩንም የሽምብራውንም ነቀዝ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጣቸው ሁለተኛውን የቻይና ብሎ ጠራው። በተባይ ስም ላይ የሀገር ስም ስታዩ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ጢንዚዛው የት እንደተወለደ ሳይሆን ስም ሰጪው ናሙናውን ከየት እንዳገኘ ነው።

ስለ አተር ካነሣሁ የብርኖውን መነኩሴ ሳልጠቅስ ባልፍ የሳይንስ ባልደረቦቼ አይለቁኝም። ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ባደረገው ሙከራ የዘር ውርስን ሕግ እንዳገኘ ሁላችን ተምረናል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1854 በቪየና የሥነ እንስሳትና የሥነ ዕፅዋት ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣችው አጭር ጽሑፉ ግን ስለ አተር ነቀዝ ነበረች። በ1866 ባሳተመው በዝነኛው ድርሳኑም ይህ ጢንዚዛ ተመልሶ ይመጣል፤ አበባውን ከፍቶ የሌላ ተክል ብናኝ ቢያገባስ የሚል ሥጋት ነበረበትና። ለዚህም ሲል ጥቂት ተክሎችን በማሰሮ ተክሎ በመስታወት ቤት ውስጥ አስቀምጦ ከሜዳዎቹ ጋር አነጻጽሯቸዋል። የዘመናዊው ሥነ ባሕርይ ሲወለድ ነቀዙም በደጅ ነበር።

ከአሜሪካ ወደ እኛ የመጡትም አሉ። ቦሎቄ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ ወደ አሮጌው ዓለም ተሻግሮ አፍሪካን አዳርሷል፤ ወደ ሀገራችን ያስገቡት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። የቦሎቄ ነቀዞች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አሜሪካውያን፣ ሁለቱም ዛሬ የአፍሪካ ጎተራ ነዋሪዎች። አንደኛው ቀዝቀዝ ያለውን ደጋማ ስፍራ ይመርጣል፤ ሌላው ሙቀት ይወዳል፤ በስምጥ ሸለቆ ቦሎቄያችን ላይ የሚበረታው ይኸኛው ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ለማዳ የሆነው በምዕራብ አፍሪካ እንደ ዋና ምግብ የሚበላው ላም አተር በባሪያ ንግድ መርከቦች ዘመን አትላንቲክን ተሻገረ፤ ነቀዙም ዛሬ በሞቃቱ ዓለም ሁሉ ይገኛል። የዓለም ገበያ ታሪክ የተጻፈው በንግድ መዝገብ ብቻ አይደለም፤ በየሀገሩ ጎተራ በሚገኙት ጢንዚዛዎች ዝርዝርም ተጽፏል።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። ጥራጥሬ ለእኛ የድጋፍ ምግብ አይደለም። ጾመኛው በዓመት ውስጥ በርካታ ወራት ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የሚኖረው በሽሮና በክክ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፦ እነዚህ ሳይኖሩ የደጋው ኢትዮጵያ ማዕድም የጾም ሥርዓቱም እንዴት ይቆም እንደነበር ለማሰብ ይከብደኛል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በሀገራችን ተዘዋውሮ ዘር ሲሰበስብ ከእህሉ ባልተናነሰ የጥራጥሬው ልዩ ልዩነት ትኩረቱን ስቦታል። በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደኮኮ የሚባለው አተር የዚህ ሀብት ምሳሌ ነው።

ይህን ያህል ዘመን በጥራጥሬ የኖረ ሕዝብ ያለ መከላከያ አልኖረም። ገበሬው ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ያስቀምጣል። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ደግሞ ጢንዚዛው የሚንቀሳቀስበት፣ የሚጋባበትና እንቁላል የሚጥልበት ቦታ ያጣል። በሚያስፈልግ ጊዜ በወንፊት መለየት ብቻ ነው። አመድም የሚጨምር አለ፤ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ከዚህም በላይ የምግብ አሠራራችን ራሱ መከላከያ ሆኖ አገልግሏል ብዬ አምናለሁ። ፍሬው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለፈቱ ሲወልቅ በላዩ የተጣበቀው እንቁላል አብሮ ይሄዳል፤ ነቀዝም ለእንቁላሉ የሚመርጠው ሙሉውን ለስላሳ ፍሬ እንጂ ክኩን አይደለም። ሽሮው ከመፈጨቱ በፊት የሚያልፍበት እሳትም ውስጥ ለውስጥ ያለውን ይገድላል። ይህን የምናገረው ሽሮ ለነቀዝ ሲባል ተፈለሰፈ ለማለት አይደለም። እናቶቻችን ሲያምሱና ሲከኩ ከምግብም በላይ የሆነ ሥራ ይሠሩ ነበር ለማለት ነው።

እናቴ ሽምብራ ለመልቀም ሰፌድ ስትይዝ አጠገቧ መቀመጥ እወድ ነበር። የተበሳውን በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ትለየው ነበር፤ ክብደቱ ይነግራታል። ለዘር የሚሆነውን ውሃ ላይ ትጥለውና የተንሳፈፈውን ትገፍፋለች። ሳይንሱን ከተማርሁ በኋላ ሳስበው የተንሳፈፈው ውስጡ ያለቀው ነው፤ ዘዴው ትክክል ነበር። ይህ ዕውቀት በዜና መዋዕልም በግብር መዝገብም የማይገኘው ባለቤቶቹ ሴቶች ስለነበሩ ነው። ጸሐፊው የጎተራውን ቁጥር ጠይቆ ይመዘግባል፤ በሰፌዱ ላይ የሚሆነውን ግን የጠየቀ የለም።

የዚህን ዝምታ ዋጋ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የምሰጣችሁ ቁጥር ለማስረጃ ያህል የተወሰደ ነው። ከአንዲት የሽምብራ ነቀዝ በወር ውስጥ 20 ሴት ልጆች ብቻ ተርፈው ቢያድጉ፣ በሁለተኛው ወር 400፣ በሦስተኛው 8,000 ይሆናሉ። ሽምብራ የሚሰበሰበው በጥርና በየካቲት ነው። እህል የሚወደደው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል ያለው ጊዜ ለነቀዙ የአምስት ትውልድ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ገበሬው ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ በመከር ማግስት፣ ሁሉም በሚሸጥበት፣ ዋጋ በወደቀበት ሰዓት ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በእጥፍ ይገዛል። የኢኮኖሚ ታሪክ ባለሙያዎች ይህን ብዙውን ጊዜ የሚተረጉሙት በዕዳ፣ በግብርና በነጋዴ ብልጠት ነው። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ዕዳ የሌለበትም ገበሬ ቢሆን ለመጠበቅ ነፃ አልነበረም። ነጋዴው ትልቅ መጋዘንና መድኃኒት አለው፤ ገበሬው ግን ጎታና ነቀዝ ነው ያለው። ነቀዝ ከድሃው ብቻ የሚሰበሰብ ግብር ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

አሁን ያንን አደራ ያልኋችሁን ልዩነት አንሡት። እስካሁን የተናገርሁት የሀገራችን መከላከያ ሁሉ የተሠራው ለጎተራ ነቀዝ ነው። ጤፉም፣ አመዱም፣ ውሃውም፣ ክኩም ጠላት ከጎተራ ውስጥ ይነሣል ብለው የሚጠብቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን ሌላው ዓይነት መጣ። የአተር ነቀዝ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ታየ፤ በኋላም በአማራ ክልል በተለያዩ ወረዳዎች ተስፋፍቶ ዛሬ የአተር ዋና ጠላት ሆኗል። ይህ ጢንዚዛ ውቅያኖስን በክንፉ አይሻገርም። የመጣው በፍሬ ውስጥ ነው። ዘመኑ የድርቅና የእርዳታ ዘመን ስለነበረ ከውጭ በመጣ የእርዳታ እህል ሳይገባ እንዳልቀረ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ግምቱ እውነት ከሆነ ነገሩ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ለተራበ ሕዝብ በተላከ እህል ውስጥ የሚቀጥሉት ዓመታት ጉድለት አብሮ ተልኳል ማለት ነውና። ማንም ተንኮል አላሰበም። ካልምም አላሰበም። ልዩነቱ ካልም ወረቀቱን ሲፈታ ዓይኑ ላይ መውደቃቸው ነው።

በዚህ ነቀዝ ፊት የአያቶች ዕውቀት ለምን እንደላላ አስተውሉ። ገበሬው አተሩን ከጤፍ ጋር ቢደባልቀው ምን ይጠቅመዋል? እጩ ከማሳው ገብቶ ጨርሷል። ጎተራውን ቢያጥንም ባያጥንም ጉዳቱ ደርሷል። ጎበዝ ሆኖ ንጹሕ ዘር ቢዘራ እንኳ የጎረቤቱ አተር ሲያብብ የሚነሣው ጢንዚዛ በርሮ ይመጣበታል። የጎተራ ነቀዝ የአንድ ቤት ችግር ነበር፤ በአንድ ቤት ብልሃት ይመከታል። የማሳ ነቀዝ የቀበሌ ችግር ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተነሣ አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ለዘመናት የተከማቸ ዕውቀት በአንድ ሌሊት የማያገለግል ሲሆን ገበሬውን ኋላ ቀር ነው ብለው የሚጽፉ ሪፖርቶች አንብቤአለሁ። ኋላ የቀረው ገበሬው አይደለም፤ ጠላቱ ተቀይሮበታል፤ መቀየሩንም የነገረው አልነበረም።

ስለ መድኃኒቱ በአጭሩ ልለፍ፤ የእኔ ሙያ አይደለምና። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓለም የያዘው ዋና መንገድ በጋዝ ማጠን ነበር፤ ፎስፊን የሚያመነጨው ጽላት እስከ ገጠር ሱቅ ድረስ ወርዷል። ይህ ጋዝ ሰውንም ይገድላል። የተሠራው ተዘግቶ ሰው ለማይገባበት መጋዘን ነው፤ የእኛ ገበሬ ግን እህሉን የሚያስቀምጠው ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሳያገናዝቡ ጽላቱን ማከፋፈል ኃላፊነት የጎደለው ሥራ እንደሆነ በዚህ መድረክ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

የበለጠ የሚስበኝ ከሰሜን ካሜሩን የተነሣው ሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ላም አተርን በተደራረበ ፕላስቲክ ከረጢት አየር እንዳይገባው አድርጎ መዝጋትን ሞከሩ። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ጆንያ ውስጥ፤ መድኃኒት የለበትም። ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። አሟሟቱ ግን ብዙዎች እንደሚመስላቸው በመታፈን ብቻ አይደለም፤ በጥም ነው። በደረቅ ፍሬ ውስጥ የሚኖረው እጭ ውሃ የሚያገኘው ምግቡን በኦክስጅን ሲያቃጥል ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ውሃውም ያልቃል። ከረጢቱ ወደ ሀገራችንም ገብቷል። በትምህርት ቤት ጤፍ የሚደባልቀውን ገበሬ ታሪክ ብናስተምር ኖሮ ከረጢቱን ለማስረዳት ይህን ያህል ስብሰባ ባላስፈለገ ነበር እላለሁ፤ ሁለቱም የሚሠሩት ክፍተቱን በመዝጋት ነውና።

ሌላው መንገድ ከፍሬው ውስጥ ይጀምራል። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በሜክሲኮ የዱር ቦሎቄ ውስጥ ነቀዝን የሚቋቋም አንድ ፕሮቲን አገኙ፤ አርሴሊን የሚል ስም የተሰጠው በገሬሮ ግዛት በምትገኘው በአርሴሊያ ከተማ ነው። የሰው ልጅ ቦሎቄን ሲያለምድ ትልቁንና ጣፋጩን እየመረጠ ይህን መከላከያ ከዱሩ ጋር ትቶት መጥቶ ነበር። አውስትራሊያውያን ደግሞ ከቦሎቄ የተወሰደ ዘረ መል ወደ አተር አስገብተው የአተር ነቀዝን የሚቋቋም አተር ሠሩ፤ ነገር ግን አተሩን የበሉ አይጦች ሰውነት ያልተጠበቀ የመከላከያ ምላሽ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራውን አቆሙት።

እኛስ? የኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሟል፤ ዛሬ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ከየአውራጃው የተሰበሰበ የአተር ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጧል። የሀገራችን ተመራማሪዎች ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከዚህ ክምችት ውስጥ የአተር ነቀዝን የሚቋቋም ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ ሁሉም አተር እኩል እንደማይጠቃ፣ ጢንዚዛዋም እሸቱን እንደምትመርጥ አሳይተዋል። ካልም ወረቀቱን ጠቅልሎ የዘጋባት ሀገር ልጆች ወረቀቱ ያልተዘጋበትን ሀገር አተር ከእኛ ልጆች ጋር እየፈተሹ ነው።

ለታሪክ ተማሪዎቼ የምተወው ሥራ አለ። ወደ ወደቡ የእህል ሰነዶች፣ ወደ እርዳታ ማከፋፈያ መዝገቦች፣ ወደ ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የቆዩ ደብዳቤዎች ሂዱ። የአተር ነቀዝ መጀመሪያ የታየባቸውን ቀበሌዎች ሽማግሌዎችና በተለይም አሮጊቶችን ጠይቁ፤ አተሩ መቼ ማንሳፈፍ እንደጀመረ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ አጣሁ ብሎ ቢሮዬ የሚመጣ ተማሪ ከእንግዲህ ይህን እንደምነግረው ይወቅ።

የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል። ከሥነ ነፍሳት በኩል የሚነሡትን ጥያቄዎች በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ባልደረቦቼ ቢያግዙኝ ደስ ይለኛል፤ የታሪኩን እኔ እቀበላለሁ።